ጆሮ ያለው ናስትሮ

"ቶርኖው ቆሟል" አለች እማዬ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ።

"ቆሟል ማለት?"

"ቆሟል ነዋ። አባትሽም አብሮ ቆሟል።"

ምሳ ሰዓት ነበር። አንድ እጄ ስፌት መኪና ሆድ ውስጥ ነው፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤዋለሁ። ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የምሰማው "ቆሟል" ነው። እሱ አልበቃ ብሎ ከቤትም ያው።

"ምን ሆነ ይላል?"

"ምንም አይልም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ጎርሶ ማላመጥ ይረሳል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወንድምሽ ሰምቷል።"

"ማን ነገረው?"

"እኔ። ሌላ ለማን ልንገር?"

እሱ ከሰማ አለቀ። ታላቄ ነው። ቤት ውስጥ ሊቀመንበሩ ነው የምንለው፤ ስብሰባ ሳይጠራ ሽንኩርት አይገዛም። ማሽኑን ከዛ ቤት ማውጣት ካሰበ ቆይቷል። የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ለእማዬ ያላት ይሄን ነው፤ ሲሠራ ዝም ብያለሁ፣ ከቆመ ግን እሁድ መኪና ይዤ መጥቼ እጭነዋለሁ፣ ክፍሉም ይለቀቃል።

እሁድ ሩቅ አልነበረም።

ማሽኑ እኮ ትልቅ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው የብረት መቅረጫ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አውቶቡስ በሚያክል ቶርኖ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጣ ይቺን ገዛ። የመጀመሪያ ቀን "አሻንጉሊት ናት" አለ። ከዛ በኋላ ከአጠገቧ የሚያነሳው ጠፋ። የድስት ክዳን እጀታ፣ የሕፃን ጋሪ ዘንግ፣ ለኔ ስፌት መኪናዎች ትናንሽ የነሐስ ቀለበቶች። ጎረቤቱ ሁሉ የተሰበረ ነገር ይዞ ይመጣል። ሚሊሜትር ነው የሚሉት። "ሚሊሜትር አለ?" ብለው በር ያንኳኳሉ።

ከሷ በፊት ያለውን ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ከሬድዮ ጋር ይጣላ ነበር። የሚሠራ በር ማጠፊያ ፈትቶ መልሶ ይገጥማል። እማዬ "ይሄን ሰውዬ ወይ ሥራ ስጡት ወይ ውሰዱልኝ" ትል ነበር። እሁድ ማሽኗ ከሄደች እዛ ነው የምንመለሰው፣ ያውም አሁን ባረጀ ሰውነት። ስለዚህ የመብራት መለኪያ ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። እግሬ አብጧል። ማን ጠይቆኝ።

ክፍሉ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ድሮ እቃ ቤት የነበረ። አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ መስታወቶች አንዱ ቦታ ላይ ካርቶን ተለጥፏል።

"መስታወቱስ?" አልኩ።

"ነፋስ" አለ አባዬ። በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም።

"ምን ስታደርግ ነው የቆመችው?"

"ቆመች።"

"እየሠራህ? ስታስነሳት?"

"አርጅታለች፣ ልጄ። ተያት።"

አላረጀችም። የግድግዳውን ሶኬት በጠረጴዛ መብራት ሞከርኩ፤ በራ። መብራት አለ። ፊውዟን አወጣሁ፤ መስታወቷ ንጹሕ፣ ውስጧ ያለው ክር ሙሉ። በቴስተርም ለካሁ፣ ደህና ናት። መልሼ ከተትኩ። ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያ ከፈትኩት። ዘይትና ደቃቅ የብረት ፍቅፋቂ ጠጥቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ይሄ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ጠረግኩት፣ ገጠምኩት፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ አዞርኩ።

ምንም።

የገረመኝ ማሽኗ አይደለችም። አባዬ ነው። ይሄ ሰውዬ በፊቱ ማንም ሰው ካቻቢቴ ይዞ በሰላም ሠርቶ አያውቅም። "አያያዝሽ!" "ብሎኑን ገደልሽው!" "እሱ ማንኪያ ነው እንዴ?" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ብሎን ስፈታ አንድ ቃል አልወጣውም። ሆን ብዬ ትንሽዋን ብሎን በትልቅ ካቻቢቴ ነካካሁ። አየኝ። ዞሮ ሄደ።

"አሞታል" አልኳት እማዬን።

"ነገርኩሽ እኮ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ብቅ አልኩ። ቁርስ አልበላሁም። አለቃዬ ካረፈድኩ ፊቱን እንደሚያጠቁር አውቃለሁ፤ ይጥቆር። 

ቶርኖ ላይ ብረቱን ነክሶ የሚሽከረከረው ክፍል ቻክ ይባላል። ከላዩ ላስቲክ መከለያ አለው። መከለያው ካልተዘጋ ማሽኗ አትነሳም፤ ጀርባው ላይ ጥፍር የምታክል ስዊች አለች፣ እሷ ናት የምትከለክለው። መከለያው በቦታው የለም። መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ስዊቿ ገመዷ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ሁለቱ ሽቦዎቿ ተገናኝተው በሚለጠፍ ናስትሮ ተጠቅልለዋል።

"ይሄን ማን አደረገው?" አልኩ፣ ባውቅም።

"መከለያው ይጋርዳል። ዓይኔ እንደ ድሮ አይደለም" አለ ከበሩ።

የሱ እጅ መሆኑን ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። አባዬ ሽቦ ሲጠቀልል የናስትሮውን ጫፍ አጥፎ ትንሽ ጆሮ ይተውለታል። ነገ የሚፈታው ሰው ጆሮዋን ይዞ ሳብ እንዲያደርጋት፣ ጥፍሩን እንዳያደማ። ልጅ ሆኜ ያለ ጆሮ ጠቅልዬ ከሆነ በጥፍርሽ ፍቺው ይለኛል። "ከኋላሽ የሚመጣ ሰው አለ" ይላል። የኋላው ሰው ሁሌ እኔው ነበርኩ።

ጆሮዋን ሳብኩ፣ ሽቦዎቹን አየሁ፣ ጥብቅ ናቸው። እዚህም የለም ችግሩ። መልሼ ጠቀለልኩ። ጆሮ ተውኩለት፣ ምን ላድርግ።

"ሊቀመንበሩ ገመድ ገዝቷል" አለች እማዬ ስወጣ። "መጫኛ።"

"ለሰባ ኪሎ ማሽን?"

"ጓደኛው መኪና ሰጥቶታል። አስቦበታል።"

"መቼ ሳያስብ ቀርቶ ያውቃል።"

ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና እየጠገንኩ የማስበው ቶርኖውን ነው። የሞተሩ ካርቦኖች፣ ከውስጡ መብራት የሚያቀብሉት፣ አልቀው ይሆናል። ካርቦን ቢያልቅ ግን መጀመሪያ ያንቀራፍፋል፣ ይሸታል፣ ብልጭ ይላል። እንዲህ ጭጭ አይልም። ፍጥነቷን የሚቆጣጠረው ቦርድ ከሆነ የተቃጠለው ግን ወሬው አበቃ፤ መለዋወጫው ሲመጣ አባዬም ሊቀመንበሩም አርጅተው ይጠብቁታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ተመለስኩ። የራሴ ቤት ያልታጠበ ልብስ ተራራ ሆኗል። ልጆቼን ባሌ ላይ ጥያቸው መጣሁ፤ እሱም እነሱ ላይ ተጥሎ ይሆናል።

ካርቦኖቹን አወጣሁ። ደህና ናቸው፣ አንዱ ትንሽ አጥሯል፣ ግን ገና ብዙ ይሄዳል። የቦርዱን ክዳን ፈታሁ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። ቴስተሩን መውጫው ላይ አስደግፌ የፍጥነቱን ማዞሪያ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ቁጥሩ አብሮ ወጣ። ሳወርደው ወረደ።

ቦርዱ ይሠራል። ሞተሩም አልሞተም። መሃል ላይ ነው እንግዲህ።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ሞተሩ ከኋላ በኩል በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ እሱን ለመፍታት ማሽኗን ማዞር ያስፈልጋል። "ያዝልኝ" አልኩ። አባዬ አልመጣም። ብቻዬን ገፋሁ፣ ወገቤ እስኪጮህ። ቆርቆሮውን ፈታሁ። እጄን ሰደድኩ። ከቦርዱ የሚመጣው ሽቦ ሞተሩ ጋ መድረስ ሲገባው መንገድ ላይ ታጥፎ ከቆርቆሮው ጀርባ ተወሽቋል። ወደ ብርሃን ጎተትኩት።

አልተበጠሰም። አልተቃጠለም። ከማሰሪያው በወጉ ተፈትቶ፣ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ጆሮ አለው።

መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

"አባዬ።"

"እ።"

"ይሄ ሽቦ ራሱን ነው የጠቀለለው?"

ሽቦውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

"ጆሮ አለው።"

ገባ። ከቆመች ጊዜ ጀምሮ ወደ ክፍሉ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ጎንበስ ብሎ አየው።

"ልማድ ነው" አለ።

ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ከተተ፣ እንዳይንቀጠቀጡ።

"ቁልፉን ቻኩ ላይ ረሳሁት።"

ይሄን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቻኩ የሚጠብቀው በቁልፍ ነው፣ መስቀለኛ እጀታ ያላት ከባድ ብረት። አጥብቀህ ታወጣታለህ። ሳታወጣት ሞተሩ ከተነሳ ተወርውራ ትሄዳለች፣ ማን ፊት እንደምትሄድ አይታወቅም። አባዬ ተለማማጆች ሲያሠለጥን ቁልፏ ቻኩ ላይ እያለች እጁን ያነሳባት ያን ቀን ማሽን አይነካም፣ መጥረጊያ ይሰጠዋል። ሽበት ያወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት እስከ ዛሬ ባዶ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩታል፣ "ቁልፍ የለም ማስተር!" እያሉ።

"በመስኮቱ ወጣች" አለ። "እናትሽ ውጪ ልብስ እያሰጣች ነበር። መቆንጠጫ አልቆባት ወደ ውስጥ ገብታ ነው እንጂ። ቁልፏን ቅርጫቱ ውስጥ ነው ያገኘኋት። እርጥብ አንሶላ መሃል።"

መስኮቱን አየሁት። ከካርቶኑ ማዶ የልብስ ማስጫው ገመድ አለ። እማዬ ቅርጫቷን የምታስቀምጥበት ቦታ ልክ እዛ ነው።

"ነገርካት?"

"ነፋስ ነው አልኳት።"

"ታዲያ በቃኝ፣ ተውኩት አትልም? ሽቦ መደበቅ ምን ይሉታል?"

"ምን ብዬ?" አለ። "እጄ ቢንቀጠቀጥ በሌላው እጄ እይዘዋለሁ። ይሄ ግን እጅ አይደለም።" ግንባሩን በጣቱ ነካ። "ማሽን ተበላሸ ቢባል ይሻላል። ማሽን ይበላሻል።"

"ነገ ሲጭናት ዝም ልትል ነበር?"

"ምን እላለሁ።"

"ፊትህ ይለዋል።"

"ፊቴን ማን ያያል።" ቀና አለ። "ቦርዱ ተቃጥሏል በይው። መለዋወጫ የለውም በይ። አንቺ ካልሽ ያምናል።"

እውነቱን ነው፣ ያምናል። ቆርቆሮውን መልሼ ገጥሜ፣ ተቃጥሏል ብዬ፣ ቤቴ ሄጄ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ መተኛት እችል ነበር። ክፍሉ ይለቀቃል። ማንም አይሞትም። አባዬ ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳ እያየ፣ እሱ ሳይሆን ማሽኗ ተበላሸች እየተባለ ይቀመጣል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እሺ ልለው።

ከዛ ያቺ ስዊች ገመዷ ላይ ተንጠልጥላ አየኋት። የመከለያው። ሥራ ፈታ።

ደግነት አይደለም። ተናድጄ ነበር። ሲደክመኝ የማያልቅ ነገር ያናድደኛል፣ ይሄ ደግሞ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነው። ሽቦውን ወደ ሞተሩ መለስኩ፣ አሰርኩ። ከዛ የስዊቿን ናስትሮ ጆሮዋን ይዤ ሳብኩና ሁለቱን ሽቦ ለያየሁ። ከፍርስራሽ ሳጥኑ አጭር ቱቦ አወጣሁ፣ ቁልፏ ልክ የምትገባበት። ከሥሩ ስዊቿን ገጠምኩ። ቁልፏ ቱቦው ውስጥ ስትቀመጥ በክብደቷ ስዊቿን ትጫናለች፣ መብራት ያልፋል። ቁልፏ ሌላ ቦታ ከሆነች፣ ቻክ ላይም ትሁን፣ ኪስ ውስጥም ትሁን፣ ቅርጫት ውስጥም ትሁን፣ ማሽኗ አትነሳም።

"ለሕፃን ነው እንዲህ የሚደረገው" አለ ሳጥኑ ላይ ሆኖ።

"ሕፃን ቁልፍ አይረሳም። አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።"

ቱቦውን ከማሽኗ ጎን ማሰር ጀመርኩ። 

"አጋደልሽው" አለ።

"አላጋደልኩም።"

"ወደ ግራ። ትንሽ።"

"ስንት ነው ትንሽ?"

"አንድ ሚሊሜትር" አለ፣ ሳያስበው። ከዛ ተነሳ። "አምጪ እስቲ። እሱን ማንኪያ አስቀምጪው።" ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደው።

እሁድ ሊቀመንበሩ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መጣ፣ ተራራ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

"ተሠራ ትላለች እማዬ" አለኝ። "እርግጠኛ ነሽ? ነገ ተመልሶ ቢቆምስ? አንዴ ቁጭ ብለን ብንነጋገር..."

"ቆመህ እይ" አልኩት።

አባዬ የሥራ ካፖርቱን ለብሷል። ታጥቧል ካፖርቱ። እማዬ በሩ ላይ ቆመች፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። 

"አንቺ ወደዚህ ነይ" አላት። "በሩ ጋ አትቁሚ። ከኋላዬ።"

"ምን ሆኛለሁ?" አለች። ግን መጣች።

ነሐስ መረጠ። ቻኩ ውስጥ ከተተው፣ አጠበቀ፣ በዓይኑ ለካ። እጁ ይንቀጠቀጣል ግን ሥራውን ያውቃል። ማብሪያውን ተጫነ፣ ማዞሪያውን አዞረ።

ምንም።

ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተነፈሰ። "እንግዲህ..." አለ፣ ገመዱን ከትከሻው እያወረደ።

እኔ ጉዴ ፈላ ብዬ በሐሳቤ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመርኩ። ሶኬቱ ተሰክቷል። ቀዩ ማቆሚያ አልተጫነም። ፊውዝ? የሞተሩ ሽቦ ላልቶ? ከዛ ቱቦውን አየሁ። ባዶ ነው። 

ቁልፏ ቻኩ ላይ ናት።

አባዬም አያት። አንድ ነገር ብል፣ ወይ እጄን ሰድጄ ላጥ ባደርጋት፣ ወንድሜ አያውቅም ነበር። ብረት ከብረት አይለይም። እጄን አልሰደድኩም። 

አባዬ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰ። ቁልፏን ቀስ ብሎ ከቻኩ አወጣት። መዳፉ ላይ አድርጎ አያት፣ እንደ ሰው።

"ቁልፉን ረስቼ ነው" አለ። ለወንድሜ ነው ያለው፣ ጮክ ብሎ። "ማሽኗ ደህና ናት። እኔ ነኝ የረሳሁት። ብረሳም አሁን አትነሳም፤ እህትህ እንደዛ አድርጋታለች።"

ቁልፏን ቱቦው ውስጥ ከተታት። ስዊቿ ቀጭ አለች። አዞረ። ቻኩ ተሽከረከረ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዛ መንጋጋዎቹ እስኪጠፉ። ቢላውን አስጠጋ። ነሐሱ ወርቃማ ክር እየሆነ ወረደ።

ከዛ እማዬ፣

"መስኮቱም እንደዚህ ነው?" አለች።

አባዬ አጠፋው። "ምን?"

"ነፋስ ያልከው።"

ቢላውን ወደ ኋላ መለሰ። 

"ልብስ የማሰጣው እኔ ነኝ እኮ" አለች። "ነፋስ ቢኖር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? አንሶላዬ ውልፊት ሳይል መስታወት ሰብሮ የሄደ ነፋስ አይቼ አላውቅም።"

"ነፋስ አልነበረም" አለ።

"እኔም አላልኩም።"

"ቅርጫትሽ ውስጥ ነው የወደቀችው።"

እማዬ ቁልፏን አየች፣ ካርቶኑን አየች። ፊቷ ትንሽ ገረጣ። ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ በእጇ ዝም አሰኘችው።

"ደህና" አለች በመጨረሻ። "መስታወቱን አስገባ። ካርቶን አስጠልቶኛል።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "አንተ፣ ያ ገመድ ጠንካራ ነው?"

"ሁለት ማሽን ይይዛል" አለ ሊቀመንበሩ፣ ቅር ብሎት።

"አንሶላ ከያዘ ይበቃል። ና፣ ከዚህ መስኮት ራቅ አድርገህ ማስጫ እሰርልኝ። አጥሩ ጋ።"

"የት ላይ እንደሚታሰር መጀመሪያ መነጋገር..."

"እሰር አልኩህ።"

ወጡ። ድምፃቸው ከጓሮ ይሰማል፤ እሱ ያስረዳል፣ እሷ ታሳጥራለች። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ። ቤት ያለው የልብስ ተራራ ትዝ አለኝ፤ ተወኝ አልኩት። ቶርኖው ይዘፍናል። ዓይኔን ልከድን ስል ቆመ።

ቀና አልኩ። አባዬ ብረት ሊቀይር ነው። ቱቦው ባዶ ነው፤ ቁልፏ እጁ ላይ ናት።